ዳፊ አልባ ደምና ቫይቫክስ ወባ በኢትዮጵያ፦ የአንዲት የዲኤንኤ ፊደል ጉዳይ

በኢትዮጵያ ወባ የሚያስይዙት ዋነኛ ጥገኛ ተሕዋስያን ሁለት ናቸው፤ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምና ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ። ከአገሪቱ የወባ ሕመምተኞች ከሦስት አንዱ ገደማ፣ እንደየአካባቢውና እንደየወቅቱ ደግሞ ከዚያም በላይ፣ በቫይቫክስ የተያዘ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ግን ሁኔታው ፈጽሞ የተለየ ነው። ትንኙ፣ ሙቀቱና ዝናቡ ሞልቶ ፋልሲፓረም በየዓመቱ ብዙ ሰው ሲያጠቃ፣ ቫይቫክስ ለረጅም ዘመን እንደሌለ ሲቆጠር ኖሯል፤ ዛሬም የሚገኘው በጥቂቱ ነው። የልዩነቱ ዋነኛ ምክንያት ከትንኙ ወይም ከአየር ጠባዩ ሳይሆን ከሰው ቀይ የደም ሕዋስ የሚመነጭ ሆኖ ተገኝቷል።

የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ለብዙ ዓመታት በአጭር ሕግ ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዳፊ የተባለው ፕሮቲን የሌለው ሰው በቫይቫክስ አይያዝም የሚል ነው። ሆኖም በጅማና በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች የወባ ሕመምተኞች ደም በዘረመል ሲመረመር፣ ዳፊ አልባ ሆነው ሳለ ቫይቫክስ የያዛቸው ሰዎች ተገኙ። ይህ ጽሑፍ ሕጉ በአብዛኛው ለምን እንደሚሠራና በእነዚህ ሰዎች ላይ ለምን እንዳልሠራ ይመረምራል። የሕዋስ ሥነ ሕይወትና ዘረመልን ገና ለሚጀምር ተማሪ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ ማግኘት ይከብዳል ብዬ አምናለሁ፤ የሕዋስ ሽፋን፣ የጂን መነበብ፣ ውርስና የሕዝብ ዘረመል በአንድ ታሪክ ውስጥ ተያይዘው ይገኛሉና። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥያቄው አመጣጥ

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ዛሬ ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ከማይፈቅደው ሕክምና ነው። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ቂጥኝ አንጎላቸውን የጎዳባቸውን ሰዎች ሆን ብሎ ወባ ማስያዝና በሚነሣው ኃይለኛ ትኩሳት በሽታውን ለማዳከም መሞከር የተለመደ ነበር። ዘዴውን ያስተዋወቀው ኦስትሪያዊው ሐኪም ዩሊየስ ቫግነር ያውሬግ በ1927 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ለዚህ ሥራ በብዛት ይመረጥ የነበረው እንደ ፋልሲፓረም በፍጥነት የማይገድለው ቫይቫክስ ነበር። በአሜሪካ ሕክምናውን ይሰጡ የነበሩት ቦይድና ስትራትማን ቶማስ በ1933 እንደዘገቡት፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ሕመምተኞች ቫይቫክስ ተሰጥቷቸው እንኳ አልያዛቸውም። ምክንያቱን በዚያ ዘመን ማወቅ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ ከወባ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው ተጀመረ። በ1950 በብሪታንያ ደሙ የማይረጋ፣ ሄሞፊሊያ የተባለው ሕመም ያለበትና በተደጋጋሚ የሌላ ሰው ደም የተሰጠው አንድ ሰው፣ ቀድሞ የማይታወቅ የደም ምልክትን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ ተገኘበት። የደም ዓይነቱም በሕመምተኛው የቤተሰብ ስም ዳፊ ተባለ። ይህ የመጀመሪያው ምልክት ዳፊ ኤ ሲሆን፣ በዓመቱ ተጓዳኙ ዳፊ ቢ ተገኘ። በ1955 ደግሞ ከጥቁር አሜሪካውያን የሚበዙት ሁለቱም ምልክቶች እንደሌሏቸው ታወቀ። በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ ዓይነት ደም እጅግ ብርቅ ነበር።

በመካከሉ ለዘረመል ታሪክ የማይዘነጋ አንድ ነገር ሆነ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮጀር ዶናሂው የገዛ ራሱን ክሮሞሶሞች በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ከጥንድ ክሮሞሶም 1 አንደኛው ከወትሮው የረዘመ ክፍል እንዳለው አስተዋለ። የቤተሰቡን አባላት ሲመረምር ያ ረጅም ክሮሞሶም ከዳፊ የደም ዓይነት ጋር አብሮ ሲወረስ አገኘው። ውጤቱ በ1968 ታተመ፤ ከጾታ ክሮሞሶሞች ውጪ ባለ በአንድ የታወቀ ክሮሞሶም ላይ ቦታው የታወቀለት የመጀመሪያው የሰው ጂንም ዳፊ ሆነ። ያኔ የዲኤንኤ ፊደላትን ማንበብ አይቻልም ነበር፤ መሣሪያው ማይክሮስኮፕ፣ የደም ምርመራና የዘር ሐረግ ብቻ ነበር።

ሁለቱን መንገዶች ያገናኛቸው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1975 ፕላዝሞዲየም ኖውሌሲ የተባለው የዝንጀሮ ወባ በላብራቶሪ ውስጥ የሰውን ቀይ የደም ሕዋስ ሲወር፣ ዳፊ አልባ ሕዋሶችን ግን መውረር እንዳልቻለ አሳዩ። በ1976 ጥያቄውን ወደ ቫይቫክስ አዙረው፣ ቫይቫክስ በያዙ ትንኞች የተነከሱ 17 ፈቃደኞችን የደም ዓይነት መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ ወባ ያልያዛቸው አምስቱ ብቻ ሲሆኑ፣ አምስቱም ዳፊ አልባ ነበሩ። የናሙናው ቁጥር ትንሽ ነው፤ ክፍፍሉ ግን እጅግ የጠራ ስለነበር ሕጉ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ለመግባት ጊዜ አልወሰደበትም።

በሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚሆነው

ትንኝ ስትነክስ የሚገባው ተሕዋስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው፤ በዚያ ተባዝቶ ወደ ደም ይፈስሳል። ቫይቫክስ በተጨማሪ በጉበት ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት አድፍጦ ቆይቶ እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ ለዚህም ነው ደሙን ከሚያጸዳው ክሎሮኪን ሌላ ለጉበቱ ፕሪማኩዊን የሚታዘዘው። የጉበቱ ደረጃ ዳፊን አይፈልግም። ዳፊ የሚፈለገው ተሕዋሱ ቀይ የደም ሕዋስን ሲወር ነው፤ ሕመምተኛውን የሚያንቀጠቅጠው ትኩሳት የሚነሣውም ተሕዋሱ በእነዚህ ሕዋሶች ውስጥ ተባዝቶ በጅምላ ሲያፈነዳቸው ነው።

ወረራው ደረጃ አለው። ተሕዋሱ መጀመሪያ ከሕዋሱ ጋር ላላ ብሎ ይነካካል፤ ከዚያ ሹል ጫፉን ወደ ሕዋሱ ያዞራል፤ ቀጥሎም በጫፉና በሕዋሱ ሽፋን መካከል ጥብቅ መጋጠሚያ ፈጥሮ በዚያ በኩል ይገባል። ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተመለከቱት የኖውሌሲ ተሕዋስ ከዳፊ አልባ ሕዋስ ጋር እስከ መነካካት ይደርሳል፤ ጥብቁ መጋጠሚያ ግን አይፈጠርለትም። ይህ ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ እክሉ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ለይቶ ያሳያልና። በቫይቫክስ በኩል መጋጠሚያውን የሚሠራው ዳፊን ለይቶ የሚይዝ የተሕዋሱ ፕሮቲን ነው።

ዳፊ ራሱ 336 አሚኖ አሲዶች ያሉትና የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየወጣና እየገባ የሚያቋርጥ ፕሮቲን ነው። ለወባ ተብሎ የተሠራ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ በ1993 እንደታወቀው እውነተኛ ሥራው ኬሞካይን የተባሉትን የነጭ የደም ሕዋስ መልእክተኛ ሞለኪውሎች መያዝ ነው። ተሕዋሱ የሚጠቀምበት ሰውነት ለሌላ ጉዳይ ባኖረው ነገር ነው።

ቫይቫክስ የሚመርጠው ማንኛውንም ቀይ የደም ሕዋስ አይደለም፤ ከመቅኔ ከወጡ አንድ ሁለት ቀን ገደማ የሆናቸውን ገና ለጋ ሕዋሶች ነው። ቀይ የደም ሕዋስ በመቅኔ ውስጥ ሲያድግ ኒውክሊየስ አለው፤ ወደ ደም ከመውጣቱ በፊት ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል። ከዚያ በኋላ ለ120 ቀናት ያህል ሲዘዋወር አዲስ ጂን ሊያነብ አይችልም። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ያለው ፕሮቲን ሁሉ የተወሰነው በመቅኔ ውስጥ ነው፤ ይህን ነጥብ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ፕሮቲኑ ሳይበላሽ የጠፋበት ምክንያት

ዳፊ ኤን ከዳፊ ቢ የሚለየው አንድ አሚኖ አሲድ ነው፤ በ42ኛው ቦታ ላይ በኤ ግላይሲን፣ በቢ ደግሞ አስፓርቲክ አሲድ ይገኛል። ይህ ተማሪዎች የሚጠብቁት ዓይነት ለውጥ ነው፤ የዲኤንኤ ፊደል ሲለወጥ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጣል። ስለዚህ ዳፊ አልባ ሰው ጂኑ የተሰረዘበት ወይም በመካከል የተቆረጠበት መስሎ ይታያል። ግን የአፍሪካውያን ዳፊ አልባዎች ጂን ሲነበብ የፕሮቲኑ መመሪያ ሙሉና ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ እንዲያውም የዳፊ ቢ መመሪያ ነው።

ምክንያቱን በ1995 ያገኙት ቱርናሚልና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ ነው። ለውጡ ከመመሪያው በፊት ባለው፣ የጂኑን መነበብ በሚቆጣጠረው ፕሮሞተር ላይ ነበር፤ በአንድ ቦታ ቲ የነበረው ፊደል ሲ ሆኗል። ቦታው ከተጓዳኙ የዲኤንኤ ገመድ ሲነበብ ጂ-ኤ-ቲ-ኤ የነበረው ቅደም ተከተል ጂ-ጂ-ቲ-ኤ ይሆናል። ጋታ-1 የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስ በሚያድግበት ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ፈልጎ በመያዝ የጂኑን መነበብ የሚያስጀምር ነው። ፊደሉ ከተለወጠ አይይዘውም፤ ካልያዘው ጂኑ በዚያ ሕዋስ ውስጥ አይነበብም።

ወሳኙ ቃል «በዚያ ሕዋስ ውስጥ» የሚለው ነው። ዳፊ የደም ሥሮችን ውስጠኛ ግድግዳ በሚሸፍኑ ሕዋሶችና ሴሬቤለም በተባለው የአንጎል ክፍል ባሉ የነርቭ ሕዋሶችም ላይ ይገኛል። እነዚህ ጂኑን ለማስጀመር በዚያ የጋታ-1 ቦታ ላይ አይመኩም፤ ስለዚህ ዳፊ አልባ በምንለው ሰው ገላ ውስጥ እንኳ ፕሮቲኑ በደም ሥሮቹ ላይ እንደ ወትሮው ይገኛል። የቤቱ መብራት ሁሉ ሳይጠፋ የአንድ ክፍል ማብሪያ ብቻ እንደተበላሸ ማለት ነው።

ለዚህ ከደም ባንክ ሥራ የሚመጣ ጥሩ ማስረጃ አለ። ዳፊ አልባ ሰው የዳፊ ቢ ምልክት ያለበት ደም ቢሰጠው፣ እንግዳ ነገር ስላየ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል ብለን እንጠብቃለን። የዚህ አፍሪካዊ ዓይነት ለውጥ ያላቸው ሰዎች ግን በዳፊ ቢ ላይ አያመርቱም፤ የመከላከያ ሥርዓታቸው ያንን ፕሮቲን በደም ሥራቸው ላይ ስለሚያውቀው የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል። በዳፊ ኤ ላይ ግን ሊያመርቱ ይችላሉ። ስለ ጂን መነበብ ተማሪዎችን ስጠይቅ ከዚህ የሚሻል ጥያቄ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም በቃል የተያዘ ትርጓሜ ብቻውን መልሱን አይሰጥም።

የውርሱ ስሌት

ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የዳፊ አሊል፣ ማለትም የጂኑን አንድ ዓይነት ቅጂ፣ ይወርሳል። ኤና ቢ አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን ሁለቱም ይታያሉ። ዝምተኛውን አሊል፣ ማለትም ፕሮሞተሩ ተለውጦ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የማይነበበውን፣ በአንድ በኩል ብቻ የወረሰ ሰው ዳፊ አለው፤ መጠኑ ግን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ዳፊ አልባ የሚሆነው ዝምተኛውን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ብቻ ነው።

በአንድ አካባቢ ከሚኖሩት 36 ከመቶ ዳፊ አልባ ናቸው እንበል። ከአሊሎች ድርሻ የወራሾችን ድርሻ በሚያሰላው በሃርዲ-ቫይንበርግ ሕግ መሠረት የዝምተኛው አሊል ድርሻ የ0.36 ካሬ ሥር፣ ማለትም 0.6 ይሆናል። አንድ ዝምተኛና አንድ ንቁ አሊል ያላቸው ሰዎች ሁለት ጊዜ 0.6 ጊዜ 0.4፣ ማለትም 48 ከመቶ ናቸው፤ ሁለት ንቁ አሊል ያላቸው የቀሩት 16 ከመቶ ብቻ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሕጉ የሚሠራው ሰዎች በነፃነት እርስ በርስ በሚጋቡበት አንድ ሕዝብ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ የዳፊ አልባዎች ድርሻ ከማኅበረሰብ ማኅበረሰብ በሰፊው ስለሚለያይ፣ የተለያዩ ማኅበረሰቦችን ናሙና ቀላቅሎ አንድ ስሌት መሥራት አንድ ዝምተኛና አንድ ንቁ አሊል ያላቸውን ሰዎች ቁጥር ከእውነታው በላይ አድርጎ ያሳያል።

በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ዝምተኛው አሊል ከሞላ ጎደል ሁሉን ሸፍኗል፤ ቫይቫክስ የሚወርረው ሕዋስ ስላጣ ሥር ሊሰድ አልቻለም። በኢትዮጵያ ዳፊ ያላቸውም የሌላቸውም በአንድ መንደር አብረው ይኖራሉ፤ ስለዚህ ተሕዋሱ ዳፊ ባላቸው ሰዎች ላይ እየተባዛ ዳፊ አልባውን ጎረቤት ዘወትር ይፈትናል። ይኸው የአንድ ፊደል ለውጥ በፓፑዋ ኒው ጊኒም በ1999 ተዘግቧል፤ በዚያ ግን የተቀመጠው በዳፊ ኤ መመሪያ ፊት ነው። ይህ ማለት ለውጡ ከአፍሪካው ተለይቶ በራሱ ተከስቷል ማለት ነው።

ሕጉ ያልሠራባቸው ሰዎች

የመጀመሪያው ጠንካራ ማስረጃ የመጣው በ2010 ከማዳጋስካር ነበር። በዚያም እንደ ኢትዮጵያ ዳፊ ያላቸውና የሌላቸው ተቀላቅለው ይኖራሉ፤ ተመራማሪዎቹም በዳፊ አልባ ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስን አገኙ። በጅማ አካባቢ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር ተመራማሪዎች በትብብር ያካሄዱትና በ2015 የታተመው ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ከኅብረተሰቡ ናሙና ሲሶ ገደማው ዳፊ አልባ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ በቫይቫክስ ተይዘው ተገኙ።

እንዲህ ያለውን ውጤት ለማመን የአሠራሩን መንገድ መመልከት ያስፈልጋል። ከጣት የተወሰደ የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ ይቀመጣል፤ ከዚያ ዲኤንኤው ወጥቶ አንድ ጊዜ የተሕዋሱ ዝርያ፣ ሌላ ጊዜ የሰውየው ፕሮሞተር ፒሲአር በተባለው ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ ተባዝቶ ይነበባል። ናሙና ቢቀላቀል ወይም ስም ቢሳሳት ሐሰተኛ ውጤት ሊመጣ ስለሚችል፣ አንድ ዘገባ ብቻውን ሕግ አይሽርም። ከተለያዩ አገሮችና ከተለያዩ ቡድኖች ተመሳሳይ ግኝት ሲደጋገም ግን ጥርጣሬው እየደከመ ሄዷል። አንድ ነገር ደግሞ በአብዛኞቹ ዘገባዎች ይመሳሰላል፤ በዳፊ አልባዎች ደም ውስጥ የሚታየው የተሕዋስ ብዛት ዳፊ ካላቸው እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ማለት ጥበቃው አለ፤ ፍጹም ግን አይደለም።

ታዲያ ተሕዋሱ በምን ገባ? መጀመሪያ ብዙዎችን የሳበው መልስ ቫይቫክስ ራሱ ተለውጧል የሚለው ነው። ዳፊን የሚይዘው የተሕዋሱ ጂን በማዳጋስካርና በኢትዮጵያ በተገኙ ተሕዋስያን ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ቅጂ ሆኖ ይገኛል። ማብራሪያው ማራኪ ቢሆንም ድክመቱ ወዲያው ታየ፤ የበዙ ቅጂዎች ዳፊ አልባ ሰው በማይኖርባት በካምቦዲያም ተገኝተዋል። የቅጂዎቹ መብዛት ተሕዋሱን ከፀረ እንግዳ አካላት እንዲያመልጥ የሚረዳው ሊሆን ይችላል። በእኔ አመለካከት ይህ ክፍል ለተማሪ ከመልሱ ይልቅ የሚጠቅመው ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው ብቻውን ምክንያትነትን እንደማያረጋግጥ ስለሚያሳይ ነው።

በ2023 የታተሙ ጥናቶች ዓይናቸውን ከተሕዋሱ አንሥተው ወደ መቅኔ መለሱት። ዳፊ አልባ ከሆኑ ሰዎች የተገኙ፣ ኒውክሊየሳቸውን ገና ያልጣሉ የቀይ ደም ሕዋስ ቅድመ አያቶች ሲመረመሩ፣ ዳፊ ለአጭር ጊዜ በሽፋናቸው ላይ ታይቶ ከዚያ እንደሚጠፋ ተረጋገጠ፤ የቫይቫክሱ ፕሮቲንም ይይዘዋል። ስለዚህ «ዳፊ አልባ» የሚለው ስያሜ የሚገልጸው በደም ሥር የሚዘዋወረውን የበሰለ ሕዋስ እንጂ የሕዋሱን ሙሉ ዕድሜ አይደለም። ተሕዋሱ በመቅኔ ውስጥ በዚያች አጭር ጊዜ የሚገባ ከሆነ፣ በጣት ደም ውስጥ ጥቂት ሆኖ መታየቱ ይገባናል። ይህ ለጤና ጣቢያ ሥራ ትርጉም አለው፤ ብዛቱ ያነሰውን ተሕዋስ ማይክሮስኮፕም ሆነ ፈጣኑ የደም ምርመራ ሊያልፈው ይችላልና፣ ያልታየ ሰው ደግሞ ትንኝን መመገቡን ይቀጥላል። ይህንኑ የተሕዋሱን ፕሮቲን ዒላማ ያደረጉ ክትባቶች በሰው ላይ እየተሞከሩ ስለሆነም፣ ተሕዋሱ በዳፊ አልባዎች ውስጥ የሚጠቀመው ያው ፕሮቲን መሆን አለመሆኑ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

በነጭ የደም ሕዋስ በኩል የታየው ሌላው ገጽታ

የአንዲቷ ፊደል ውጤት በወባ አያበቃም። በአሜሪካ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ የተካሄደና በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ዝምተኛውን አሊል ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ ሰዎች በደማቸው ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከሌሎች ያነሰ ነው። በ2017 የቀረበው ማብራሪያም ወደዚያው ወደ መቅኔ ይመልሰናል፤ በማደግ ላይ ያሉት የቀይ ደም ሕዋሶች ዳፊን እንደ ወትሮው ሳያሳዩ ሲቀሩ፣ አጠገባቸው የሚያድጉት ኒውትሮፊሎች ጠባያቸው ተለውጦ ደሙን ትተው ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች በቀላሉ ይወጣሉ። ሰውየው በሽታን የመከላከል አቅሙ አልቀነሰም፤ በደም ቱቦ ውስጥ የሚቆጠረው ብቻ አንሷል።

በእስራኤል ሐኪሞች በኢትዮጵያና በየመን አይሁዶች ዘንድ ይህን ጉዳት የሌለውን የኒውትሮፊል ማነስ ጂኑ ከመታወቁ ብዙ ዓመታት በፊት አስተውለውት ነበር። ችግሩ የሚመጣው የላብራቶሪው መነሻ ቁጥር ከአውሮፓውያን ደም የተወሰደ ሲሆን ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ከ1500 በታች ኒውትሮፊል ያለው ጤነኛ ሰው እንደ ሕመምተኛ ተቆጥሮ ለመቅኔ ምርመራ ሊላክ፣ የካንሰር መድኃኒቱ ሊቀነስበት ወይም ሊዘገይበት ይችላል። ክሎዛፒን የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ኒውትሮፊልን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርድ ስለሚችል በጥብቅ ቁጥጥር የሚሰጥ በመሆኑ፣ ዳፊ አልባ ሕመምተኞች በተፈጥሮ ቁጥራቸው ብቻ መድኃኒቱን ሲከለከሉ ቆይተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2015 ደንቡን አሻሽሎ፣ ለእነዚህ ሰዎች መነሻው ከ1500 ይልቅ 1000 እንዲሆን ፈቀደ።